ካርድ ክፍል ላይ ምን ልበል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ አባላዘር በሽታዎች ምርመራ የደረሱንን ደብዳቤዎች ደርድረን ስናነባቸው አንድ ነገር ገረመን። ምርመራው ራሱ ያስፈራው ሰው የለም ማለት ይቻላል። መርፌውን ወይም ደም መስጠቱን የጠቀሰ አላገኘንም። አንዱን የያዘው የጤና ጣቢያው በር ነው፤ አንዷን ዕድር፤ ሌላዋን ቤት የሚመጣ ፖስታ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቁታል፤ እንዲያውም ራሳቸው የጻፉልን አሉ። ስለዚህ እሱን አንደግምባቸውም። እግር የሚያዝበትን ቦታ እየለየን፣ እዚያ ቦታ ላይ ምን እንደሚባልና ምን እንደሚደረግ ብቻ እንናገራለን። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም አስቀርተናል።

«26 ዓመቴ ነው፤ ደሴ ነኝ። ሽንቴን ሲያቃጥለኝና ጠዋት ጠዋት መግል የመሰለ ፈሳሽ ሲወጣኝ 9 ቀኔ ነው። ጤና ጣቢያው በር ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ‹ምንህን ነው የሚያምህ?› ስትል ከኋላ ያለው ሰልፍ ሁሉ ይሰማል። ከፋርማሲ እንክብል ገዝቼ 3 ቀን ስወስድ ቀነሰልኝ፤ ከዚያ ተመለሰ። ጓደኛዬ ደግሞ ትኩስ ድንጋይ ላይ ሸንተህ ነው ይለኛል።»

ወንድማችን፣ ከድንጋዩ እንጀምር። ጨብጥ ከጋለ ድንጋይም፣ ከጨረቃም፣ ከምችም አይመጣም። ከሰው ወደ ሰው በግንኙነት ይተላለፋል፤ በወንድ ላይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ውስጥ ራሱን ያሳያል። ይህን የምንልህ ጓደኛህን ለማሳጣት አይደለም። ድንጋይ ነው ብሎ ያመነ ሰው አብራው የተኛችውን ሴት አያሳክምም፤ ሳምንት ሳይሞላው መልሳ ታስይዘዋለች፤ ከዚያ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ይላል።

አሁን ካርድ ክፍል። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ የምትፈልገው ስምህን፣ ዕድሜህን፣ አድራሻህንና ወደ የትኛው ክፍል እንደምትልክህ ነው። በሽታህን ማወቅ ሥራዋ አይደለም። «ተመላላሽ ነኝ፤ ወንድ ሐኪም ካለ ደስ ይለኛል» ካልክ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ከገፋችህ «የሽንት ችግር» በላት። ውሸት አይደለም፤ ከሰልፉም ግማሹ ያንኑ ሊል ይችላል። አፍህ አልታዘዝ ካለህ በብጣሽ ወረቀት ላይ «የአባላዘር ምርመራ» ብለህ ጽፈህ ከመታወቂያህ ጋር አቀብላት፤ አንብባ ትመራሃለች። ሰዓትም ምረጥ። ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ግርግር ነው፤ በገበያ ቀን ደግሞ ይብሳል። ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ሰልፉ ይሳሳል። ከ10 ሰዓት ካለፍክ ግን ላብራቶሪው ናሙና መቀበል ሊያቆም ይችላልና አትዘግይ።

ምርመራ ክፍል ገብተህ በሩ ሲዘጋ ሦስት ነገር ብቻ ተናገር፦ ምን እንደሚሰማህ፣ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ምን እንደወሰድክ። «ከሽንት ቱቦዬ ፈሳሽ ይወጣል፣ 9 ቀኑ ነው፣ ይህን እንክብል 3 ቀን ውጫለሁ።» የእንክብሉን ማሸጊያ ይዘህ ሂድ፤ ቀለሙን ከመናገር ስሙን ማሳየት ይሻላል። ቀሪውን ባለሙያው ይጠይቅሃል፦ ባለፉት 3 ወራት ከስንት ሰው ጋር፣ በኮንዶም ወይስ ያለ ኮንዶም፣ ፔኒሲሊን ይቆጣሃል ወይ። በአፍ ወይም በፊንጢጣ ግንኙነት ስለመኖሩም ሊጠይቅህ ይችላል። ነውር ፈልጎ አይደለም፤ ጀርሙ ጉሮሮ ላይም ስለሚቀመጥ ነው።

ከዚያ ሱሪህን ዝቅ እንድታደርግ ይነግርሃል። በጓንት ብልትህን ያያል፣ ብሽሽትህ ላይ ንፍፊት መኖሩን ይዳስሳል፣ ፈሳሽ ካልታየው ከሥር ወደ ጫፍ ቀስ ብለህ እንድትጨምቀው ይጠይቅሃል። ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ በማወቅ ሳይሆን በንጽሕና ይሳሳታል። አፍሮ ከመግባቱ በፊት ሽንት ቤት ሄዶ ሸንቶ፣ ታጥቦ፣ ጠርጎ ይገባል። ያኔ የሚታይ ነገር አይኖርም። ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለአንድ ሰዓት፣ ከቻልክ ለሁለት ሰዓት፣ አትሽና። ለጨብጥና ለክላሚዲያ (ይህም በግንኙነት የሚተላለፍ በሽታ ነው) የሽንት ናሙና ከተጠየቅክም የሚፈለገው መጀመሪያ የሚወጣው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ የሻይ ብርጭቆ ሲሶ ያህል ማለት ነው። ለተራ የሽንት ምርመራ «መሐሉን ያዝ» የሚባለውን እዚህ ብታደርግ፣ ቱቦው ላይ የተቀመጠው ጀርም በመጀመሪያው ሽንት ታጥቦ ሄዷል።

የምን በሽታ እንደሆነ በስም ሳይነግሩህ በዚያው ቀን ቢያክሙህ አትደንግጥ። በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ሕክምናው በምልክት ነው። ከወንድ ቱቦ ፈሳሽ ከታየ ለጨብጥም ለክላሚዲያም በአንድ ላይ ይሰጣል፤ ሁለቱ አብረው ስለሚገኙ። መቀመጫ ላይ የሴፍትሪያክሶን መርፌ ትወጋለህ፤ ከእሱ ጋር አዚትሮማይሲን 1 ግራም በአንድ ጊዜ ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ7 ቀን ይታዘዝልሃል። አዚትሮማይሲኑን ውጠህ በሰዓት ውስጥ ካስመለሰህ ተመልሰህ ንገራቸው፤ እንደ ወሰድክ አትቁጠረው። ዶክሲሳይክሊኑን በብዙ ውኃ ዋጠው፤ ቁጭ ብለህ እንጂ ተኝተህ አይሁን፤ ጉሮሮ ያቆስላል። ከወተት ጋርም አይሆንም።

የፋርማሲው እንክብል ያልሠራበት ምክንያት ይኸው ነው። የጨብጥ ባክቴሪያ ከፔኒሲሊን፣ ከቴትራሳይክሊንና ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር ተለማምዶ የቆየ ነው። የሦስት ቀን እንክብል ፈሳሹን ያሳሳዋል፤ ጀርሙን ግን ያስተርፈዋል። ፈሳሽ መቀነስ መዳን አይደለም። ከታከምክ በኋላ 7 ቀን፣ አብራህ ያለችውም እስክትታከም፣ ግንኙነት የለም። በሳምንቱ ፈሳሹ ካልቆመ ተመለስ። ቆለጥህ ካበጠ ወይም ካመመህ ግን ሳምንት አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን ሂድ። ደም ሲወሰድ ኤች አይ ቪና ቂጥኝንም አብረው እንዲያዩልህ ጠይቅ፤ አንዱ የገባበት መንገድ ለሌላውም ክፍት ነበርና። ባለፉት ሁለት ሦስት ወራት አብራህ ለነበረች ሁሉ መንገር አለብህ። መናገሩ ከከበደህ የጥንዶች መጥሪያ ወረቀት እንዳላቸው ጠይቅ፤ ይዛው ስትሄድ ብዙ ሳትጠየቅ ትታከማለች።

«34 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ምንም ምልክት የለኝም፤ ልቤ ግን አላረፈም። የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ነርስ የዕድራችን አባል ናት። ተመርምሬ ነጻ ብሆን እንኳ ባለቤቴ ከሰማ ‹ጠረጠርሽኝ? ወይስ አንቺ ነሽ?› ማለቱ አይቀርም።»

ምስጢር መጠበቅ ለነርሷ የሙያ ግዴታዋ ነው፤ አብዛኞቹም ይጠብቃሉ። እርስዎ ግን በዚያ እምነት ላይ እንዲወራረዱ አንመክርም። ሌላ ክፍለ ከተማ ይሂዱ፤ ለካርድ የቀበሌ ደብዳቤ የሚጠይቅዎት የለም። አንድ ነገር ብቻ ይወቁ፦ የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተርዎ የሚሠራው በተመዘገቡበት ጣቢያ ነውና ሌላ ቦታ ከኪስ ይከፍላሉ። ደብተሩን ቤት ይተዉት፤ ይዘውት ቢሄዱ «ሪፈር አምጪ» ብለው ወደዚያው ይመልሱዎታል። እንደ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ያሉ ክሊኒኮችም አሉ። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ለወሊድ መከላከያ ትምጣ፣ ለእርግዝና ክትትል፣ ለምርመራ፣ ማንም አይለያትም።

ሲደርሱ «ሙሉ ምርመራ» አይበሉ። ይህች ቃል ገንዘብ ታስወጣለች፤ የደም ብዛት ቆጠራ፣ ታይፎይድ፣ ሰገራ፣ ስኳር ይታዘዝልዎና የመጡበት ሳይነካ ይወጣሉ። በስም ይጠይቁ፦ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ (በላብራቶሪው ቋንቋ ቪዲአርኤል)፣ የጉበት ቫይረስ ሄፓታይተስ ቢ፣ የማኅፀን ፈሳሽ ምርመራ። የክላሚዲያ ምርመራ በየጤና ጣቢያው የለም፤ ትልልቅ የግል ላብራቶሪዎች ጋ አስቀድመው በስልክ ይጠይቁ። ልቤ አላረፈም ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ክላሚዲያ ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ምንም አይሰማቸውም፤ ሳይታከም ሲቆይ ግን ወደ ማኅፀን ቱቦ ወጥቶ መካንነትንና ከማኅፀን ውጭ እርግዝናን ሊያስከትል ይችላል። ከግንኙነት በኋላ ደም መታየት ወይም ከእምብርት በታች የማይተው ሕመም ካለ ይናገሩ።

የማኅፀን በር ምርመራ ካደረጉ ከወር አበባ ውጭ ባለ ቀን ይሁን። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ውስጥን መታጠብም፣ የሚገባ ክሬምም፣ ግንኙነትም ይቅር። ከመግባትዎ በፊት ሽንትዎን ይሽኑ (ለደሴው ወንድማችን ከነገርነው በተቃራኒ ነው፤ ፊኛ ሲሞላ ምርመራው ያማል። የሽንት ናሙና ከታዘዘልዎ ግን መጀመሪያ እሱን ይስጡ)። «ሴት ባለሙያ እፈልጋለሁ» ማለት መብትዎ ነው። ማያ መሣሪያው ስፔኩለም ይባላል፤ የዳክዬ አፍ ይመስላል። ሲገባ መቀመጫዎን አልጋው ላይ ለቀቅ አድርገው በአፍዎ ቀስ ብለው ይተንፍሱ፤ ሰውነትን ማኮማተር ነው ሕመሙን የሚያመጣው። ካመመዎ «ትንሹን ይጠቀሙልኝ» ወይም «ይቁም» ይበሉ፤ ይቆማል።

ለባለቤትዎ የሚሉትም እዚህ ላይ ይገኛል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ማድረግ ይገባታል፤ ኮምጣጤ የመሰለ ፈሳሽ ተቀብቶ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ የነጣ ቦታ ካለ ይታያል፣ ውጤቱም ወዲያው ይነገራል። ያንን በእርግጥ ያሠሩ፤ ያኔ «ለካንሰር ምርመራ ሄጄ ደሜንም አብረው አዩልኝ፤ አንተም በሚቀጥለው ስትመጣ አብረን እንሂድ» ማለት እውነት ይሆናል። ከመንገድ ደክሞ በገባበት ማታ ግን አያንሡት፤ በማግስቱ ቡና ላይ ይሁን። እጁን የሚያነሣ ሰው ከሆነ ደግሞ ብቻዎን አይንገሩት፤ አስቀድመው ለባለሙያዋ ይንገሯት፣ ከዚያ መንገዱን አብረው ይፈልጉ።

አንድ ነገር ተገኘ እንበል። ወረቀቱ ማን እንዳመጣው አይናገርም። ክላሚዲያ ሳይታወቅ ወራት ይቀመጣል፣ ቂጥኝ ዓመታት ይደበቃል፣ ሄፓታይተስ ቢ ከእናት በወሊድ ጊዜ የተወረሰ ሊሆን ይችላል። ወረቀቱን ይዞ ወደ ሽማግሌ የሚሮጥ ሰው ወረቀቱ የማያውቀውን እየጠየቀው ነው።

«ሠርጋችን ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያን የኤች አይ ቪ ውጤት አምጡ ስላለን ተመርምረን ሁለታችንም ነጻ ነን። ክሊኒኩ ሌላም ስላየ ግን እጮኛዬ ‹ቂጥኝ ፖዘቲቭ› ተባለ። ከ4 ዓመት በፊት ታክሜያለሁ ይላል። የታከመ ሰው እንዴት ፖዘቲቭ ይሆናል? እያታለለኝ ነው?»

እህታችን፣ ከእሱ በፊት ወረቀቱን እንመርምር። የቂጥኝ ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሠርግ የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የሁለቱ መቀላቀል ነው።

አንደኛው ጣት ተወግቶ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ውስጥ በመስመር የሚነበበው ነው። ይህ ሰውነት ጀርሙን አንድ ጊዜ አግኝቶት እንደነበር ያሳያል። አብዛኛው ሰው ታክሞ ከዳነ በኋላም ዕድሜውን ሙሉ መስመሩ ሁለት ሆኖ ይወጣል። ጠባሳ በዪው፤ ቁስሉ መዳኑን አይነግርም። ሁለተኛው ቪዲአርኤል ወይም አርፒአር የሚባለው ሲሆን ሕመሙ አሁን ስለመኖሩ ፍንጭ ይሰጣል። ላብራቶሪው ደሙን በእጥፍ በእጥፍ እያቀጠነ እስከ የት ድረስ ምላሽ እንደሚሰጥ ያያል፤ 1፡2፣ 1፡4፣ 1፡8፣ 1፡16፣ 1፡32 እያለ ይጽፈዋል። ይህ ቁጥር ታይተር ይባላል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጀርሙ ንቁ የመሆኑ ዕድል ይበዛል።

እንግዲህ እጮኛሽ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ትቶ ታይተሩን ያምጣ። ሲታከም 1፡32 ከነበረና ዛሬ 1፡2 ወይም ምንም ከሆነ፣ ያለው እውነት ነው፤ ሕክምናው ሠርቷል። ከበሽታው የሚድን ሰው ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በ6 ወይም በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ በአራት እጥፍ ይወርዳል፤ ከ1፡32 ወደ 1፡8 ማለት ነው። በዝቅተኛ ቁጥር ላይ ለዓመታት የሚቆይም አለ። ወርዶ የነበረው በአራት እጥፍ ከወጣ ግን እንደገና ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ሁለታችሁም መታከም አለባችሁ። ማወዳደሩ ዋጋ የሚኖረው ዓይነቱ አንድ ሲሆን ነው፤ የዛሬ 4 ዓመቱ ቪዲአርኤል ከሆነ የዛሬውም ቪዲአርኤል ይሁን፣ ቢቻል በዚያው ላብራቶሪ። በተገላቢጦሽ ደግሞ ቪዲአርኤል ብቻውን 1፡1 ወይም 1፡2 ሲል ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳ ወይም እርግዝና ያሳሳተው ሊሆን ስለሚችል በሌላኛው ዓይነት ይረጋገጣል።

የድሮው ወረቀት ጠፍቷል? ከሆነ ብዙ ሐኪሞች ክርክሩን ትተው እንደ አዲስ ማከምን ይመርጣሉ። መድኃኒቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ነው፤ 2.4 ሚሊዮን ዩኒት፣ ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ መቀመጫ ይወጋል። መቼ እንደያዘው የማይታወቅ ከሆነ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ዛሬ ቢጀምር ሦስተኛው በ15ኛው ቀን ያልቃል፤ ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ያህል ይተርፋል። አንዱን ሳምንት መዝለል ግን አይሆንም፤ ከዘገየ ከመጀመሪያው ሊያስጀምሩት ይችላሉ። መርፌው ያማል፤ አንድ ሁለት ቀን ሲቀመጥ ይሰማዋል። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ራስ ምታት ሊመጣ ይችላል። ብዙ ሰው «መርፌው ተጣላኝ» ብሎ ሁለተኛውን የሚተወው በዚህ ነው። ጀርሙ ሲሞት የሚፈጠር ስለሆነ በፓራሲታሞል ያልፋል። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ያ ሌላ ነው፤ ወዲያው ወደ ሐኪም።

ያታልልሽ አያታልልሽ ከደም አይነበብም። ግን ከ4 ዓመት በፊት ራሱ ሄዶ መታከሙን ሳትጠይቂው የነገረሽ ሰው ከሆነ፣ እኛ ብንሆን ያንን ከመስመሮቹ በፊት እንቆጥርለታለን። «ውርዴ» የሚለው ስድብ ባለበት አገር ይህን አፍ አውጥቶ መናገር ቀላል አይደለም።

ሌላም አለ። ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው ወረቀት ስለ ኤች አይ ቪ ብቻ ነው የሚናገረው። ሄፓታይተስ ቢን ሁለታችሁም እዩ። የሕፃናት ክትባቱ በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ስለሆነ ዛሬ ለጋብቻ የደረሰ ሰው በአብዛኛው አልተከተበም። አንዳችሁ ላይ ቢገኝ ሠርግ አይሰረዝም። ሌላኛው ይከተባል፤ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ፤ እስከዚያ ኮንዶም።

«ቅዳሜ ማታ ኮንዶም ተቀደደ። ሰኞ ተመረመርኩ፣ ነጻ ነህ አሉኝ። ማክሰኞ ሌላ ክሊኒክ፣ ሐሙስ ሌላ። ሦስቱም ነጻ። እንቅልፍ ግን የለኝም።»

ሦስቱም ስለ ቅዳሜ አልመሰከሩልህም፤ ከቅዳሜ በፊት ስለነበረው ነው የነገሩህ። ሰኞ ስትሄድ መጠየቅ የነበረብህ ምርመራ ሳይሆን መድኃኒት ነበር። ኤች አይ ቪ ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው መከላከያ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቶሎ ቢሆን የበለጠ፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ያንተ 72 ሰዓት ማክሰኞ ማታ አለቀ። ይህን የምንጽፈው ለአንተ አዝነን፣ በሌላ ቅዳሜ ለሚያነብበው ሰው ነው። ካርድ ክፍል ላይ «ተጋልጬ ነበር፣ ሁለተኛ ቀኔ ነው፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ እፈልጋለሁ» ይበል፤ ሰልፍ አያስጠብቁትም፣ ካስጠበቁት ይድገመው።

አሁን የቀረህ ቀን መቁጠር ነው። ለጨብጥና ለክላሚዲያ በ2ኛው ሳምንት፤ ፈሳሽ ከታየህ ግን በዚያው ቀን። በ6ኛው ሳምንት ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ። ሦስቱንም በ3ኛው ወር ድገማቸው፤ የጣት ደም ፈጣን ምርመራ ከ3 ወር በኋላ ነጻ ካለህ ያ ቅዳሜ ተዘጋ። እስከዚያ በኮንዶም። በመካከል በየሳምንቱ መመርመር ገንዘብህን እንጂ ጭንቀትህን አይቀንስም።

ቤት ውስጥ ራስን መመርመሪያ ካገኘህ፣ በድድ የሚደረገው ኦራክዊክ ማለት ነው፣ ከመጀመርህ በፊት 15 ደቂቃ ምግብም መጠጥም አይሁን፤ ጥርስ ከተፋቅክ ወይም አፍህን ከተጉመጠመጥክ 30 ደቂቃ ቆይ። ላዩን ድድ አንድ ጊዜ፣ ታችኛውን አንድ ጊዜ ጥረግ፤ ምላስህንና ጉንጭህን አትንካ። ፈሳሹ ውስጥ አቁመው። ከ20 ደቂቃ በኋላ፣ 40 ሳይሞላ አንብብ። ብዙ ሰው ትቶት ተኝቶ ጠዋት ያየውና ደብዛዛ መስመር ሲያገኝ ይሸበራል፤ ያ ንባብ ዋጋ የለውም። «ሲ» ጋ ብቻ መስመር ካለ አልተገኘም፤ «ቲ» ጋም ካለ፣ ደብዛዛም ቢሆን፣ ጤና ተቋም ሄዶ ማረጋገጥ ነው፤ «ሲ» ጋ ከሌለ መሣሪያው አልሠራም።

«አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ 20 ዓመቴ። በእናቴ ኢንሹራንስ ነው የምታከመው። ከመጣሁ 3 ዓመቴ ስለሆነ እንግሊዝኛዬ ለዚህ ወሬ አይበቃም፤ አስተርጓሚ ሲያመጡ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ቢሆንስ?»

አስተርጓሚው በስልክ እንዲሆን ጠይቂ፤ በአካል የሚመጣው የአካባቢሽ ሰው ነው፣ የስልኩ ግን ከየትም ግዛት ሊሆን ይችላል። «ሴት፣ በስልክ፣ ስሜ ሳይጠራ» በይ። ሐኪሟ ስምሽን ሳትጠራ ማነጋገር ትችላለች። በቪዲዮ ከሆነ ካሜራው ወደ አንቺ እንዳይዞር አድርጊ። ድምፁን ካወቅሽው ሌላ እንዲቀይሩ ጠይቂ፤ ምክንያት አይጠይቁሽም። ክፍያ የለውም፤ ለአስተርጓሚውም ምስጢር መጠበቅ ግዴታው ነው።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ ፍርሃትሽ ትክክል ነው። ምርመራው ያለ ክፍያ ቢሆን እንኳ ምን አገልግሎት እንደተሰጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ለኢንሹራንሱ ባለቤት ሊላክ ይችላል። ሁለት መንገድ አለሽ። ለኢንሹራንሱ ደውለሽ ደብዳቤ በሌላ አድራሻ ወይም በኢሜይልሽ እንዲላክ መጠየቅ፤ ለዚህ ቅጽ አላቸው፣ ከቀጠሮው በፊት ይሞላ። ወይም ጨርሶ ኢንሹራንሱን አለመጠቀም፤ የካውንቲ ጤና ቢሮ ክሊኒኮችና በገቢ ልክ የሚያስከፍሉ ክሊኒኮች አሉ። እናትሽ የሕክምና መዝገብሽን በስልኳ የምታይበት ፈቃድ ካለም አስቀድመሽ አስነሺው።

እዚያ አገር ለሴት ከ25 ዓመት በታች ሆና ግንኙነት ካላት በየዓመቱ የክላሚዲያና የጨብጥ ምርመራ መደበኛ ምክር ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ላንቺ ብቻ አይደለም። ናሙናውን ራስሽ ሽንት ቤት ገብተሽ መውሰድ ትችያለሽ፦ ጥጥ ያለውን ዘንግ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር አስገብተሽ ከ10 እስከ 30 ሴኮንድ ታዞሪዋለሽ፣ ቱቦው ውስጥ ከትተሽ ትሰብሪዋለሽ። ማንም አያይሽም።

«ለሥራ ወደ ሳዑዲ ልሄድ ነው፤ ሜዲካል አለ። ከመሄዴ በፊት ለብቻዬ ልመርመር ወይስ ሜዲካሉ ይበቃል?»

ለብቻሽ፣ ያውም ለደላላ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት። ሜዲካሉ ኤች አይ ቪን፣ የጉበት ቫይረስን፣ ቂጥኝን፣ ሳንባ ነቀርሳንና እርግዝናን ያያል፤ ለመኖሪያ ፈቃድ እዚያም ይደገማል። እዚያ ኤች አይ ቪ የተገኘበት ሠራተኛ ይመለሳል። እዚህ ቢገኝብሽ ግን ሕክምናውን በነጻ ትጀምሪያለሽ፤ መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በግንኙነት አያስተላልፍም፤ ኑሮውንም ይኖራል። ቂጥኝ ከተገኘ ሦስቱን መርፌ ለመጨረስ ሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ታይተሩ እስኪወርድ ግን ወራት ይፈጃልና ከሜዲካሉ ቢያንስ ሦስት ወር ቀድመሽ ሂጂ። ለሙሽራዋ እንደነገርናት፣ ታክመሽም የጣቱ ምርመራ ፖዘቲቭ ሊልሽ ይችላል። ስለዚህ የታይተሩን ውጤትና የመርፌዎቹን ቀን የያዘ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት በእንግሊዝኛ አጽፊ። ዋናውን ከፓስፖርትሽ ጋር አታድርጊው፤ ፓስፖርቱ ከእጅሽ ሊወጣ ይችላል። ለብቻው ያዢው፣ ፎቶውንም ለራስሽ ኢሜይል ላኪ።